ደወሉ እስከሚሰማበት

እኚህን ሰው በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። አብረን አልሠራንም፣ ጎረቤታሞችም አይደለንም። ግቢያቸው የገባሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱን ለደብዳቤ፣ አንዱን ዝናብ ይዞኝ። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኞቹ ከእኔ ይልቅ ያውቋቸዋል። እነሱ ግን ስለ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ ሥራ መፍታት ይመስላቸዋል። ምናልባት እውነታቸውን ነው።

ሠራተኞቹ «ጋሽ መንጠቆ» ይሏቸዋል። ከከተማው ዳር ባለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ኦፕሬተር ናቸው። ከሩቅ የሚመጣው ኃይል እዚያ ዝቅ ይልና በስድስት መስመር ወደየሰፈሩ ይሄዳል። ግቢው በሽቦ የታጠረ ነው፤ ጠጠር ተነጥፎበታል፤ ትራንስፎርመሩ ቀን ከሌት እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። መሃል ላይ መስኮት የሌለው አንድ ክፍል አለ። በግድግዳው ልክ ስድስት ግራጫ የብረት ሳጥኖች ቆመዋል፤ በየሳጥኑ ላይ መስመሩን የሚያበራና የሚያጠፋ እጀታ አለ። ከእያንዳንዱ እጀታ በላይ ደግሞ ትንሽ መንጠቆ ተበይዷል።

ቅጽል ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። የመስመር ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስልክ ይደውላል። «ጋሽዬ፣ አራተኛው ላይ ልወጣ ነው፤ ስቀልልኝ» ይላል። እሳቸው አራተኛውን መስመር ያጠፉና መንጠቆው ላይ «ሰው አለ» የሚል ቀይ ካርቶን ይሰቅላሉ። ካርቶኑ እዚያ እስካለ ድረስ እጀታው አይነካም፤ ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ቢለምንም አይነካም። የሚወርደው ምሰሶው ላይ የነበረው ሰው ራሱ ደውሎ «ወርጃለሁ» ሲል ነው። ጓደኛው ደውሎ «ወርዷል» ቢል ስልኩን ይዘጉበታል።

«በሌላ ሰው አፍ የወረደ ሰው አላውቅም» ይላሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት አዲሱ ሲስተም መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ድሮ የደንበኞች መዝገብ አንድ ቦታ፣ ጥገናው ሌላ ቦታ፣ ጣቢያዎቹን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ሌላ ቦታ ሆነው አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ይሠራ ነበር። አሁን ሁሉም ዋናው ማዕከል ባለ አንድ ኮምፒውተር ተገናኘ። ቆጣሪው ንባቡን ራሱ ይልካል። መብራት ሲጠፋ ደንበኛው ሳይጮህ ማዕከሉ ያውቃል። ጣቢያዎቹንም ማዕከል የተቀመጡት ልጆች በጣታቸው ጠቅ እያደረጉ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በየቤቱ እያንኳኳሁ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፤ ሥራዬ በአንድ ሳምንት አለቀና ደብዳቤ አድራሽ ሆንኩ። ውሾቹ ካልሆኑ በቀር የናፈቀኝ የለም።

ሲስተሙን የዘረጉት ባለሙያዎች ጣቢያው ድረስ መጥተው እያንዳንዷን ሽቦ ቆጥረው መዝግበዋል። ካርቶን ግን ሽቦ የለውም። ስለዚህ ሳይመዘገብ ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አራተኛው መስመር ጠፍቶ ቀዩ ካርቶን ተሰቅሏል። ማዕከል ያለው ተረኛ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ያለ ምክንያት ጠፍቶ አየና ጠቅ አደረገ። ጣቢያው ውስጥ መስመሩ «ጧ!» ብሎ በራ። ጋሽ መንጠቆ እጃቸውን እጀታው ላይ እስኪያደርሱ ያለቀ ነገር ነበር። ሠራተኛው የዳነው ፒንሳው አምልጦት ሊያነሳ ከምሰሶው ወርዶ ስለነበር ነው። በሌላ በምንም አይደለም።

በማግስቱ ፒንሳውን ይዞ ጣቢያው መጣ። «ይሄ አንተ ጋ ይቀመጥ ጋሽዬ፤ ሁለተኛ ላይወድቅልኝ ይችላል» አላቸው። ዛሬም ከአራተኛው መንጠቆ አጠገብ በሚስማር ተሰቅሏል።

እሳቸው ወደ ላይ ጻፉ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ሠራተኞች ከመውጣታቸው በፊት ስልካቸው ላይ ያለውን ፎርም ይሙሉ፤ የተመዘገበ መስመር ከማዕከል አይበራም። ጥሩ መልስ ነው። ግን አራተኛውና አምስተኛው መስመር ወደ ሸለቆው ነው የሚወርዱት፤ ሸለቆው ውስጥ ተራ ጥሪ እየተቆራረጠ ይሠራል እንጂ ኢንተርኔት የሚባል የለም። ይህንንም ጻፉ። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው የሚለየው ቀኑ ብቻ ነበር።

እስከዚህ ያለውን የነገሩኝ የመስመር ሠራተኞቹ ናቸው። ቀጥሎ ያለውን ራሴ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት የምስጋና ደብዳቤ ይዤ ነው። ሲስተሙ ከመጣ ወዲህ ሌሎቹ ሁለት ኦፕሬተሮች ተነሥተው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል፤ የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሳጥኖቹ ክፍል ጋር በተያያዘች አንድ ክፍል ነው። ደብዳቤው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም አደጋ ያልደረሰበት አውቶማቲክ ጣቢያ ይህ ነው ይላል። አነበቡትና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ጀርባውን አዩት።

«ለማን ነው ይሄ? ለሳጥኑ ነው ለእኔ?»

«የእርስዎ ስም ነው ያለበት ጋሼ።»

«እንግዲህ ሳጥኑ እንዳይሰማ ቀስ ብለህ አንብበው» አሉና ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ዝናብ ይዞኝ የገባሁ ቀን ነው። ፎጣ ሰጡኝ፤ ወንበር ሳቡልኝ። ገና ከመቀመጤ ከአልጋቸው ራስጌ በላይ ያለች ደወል ጮኸች። እኚያ ጉልበታቸውን ይዘው የሚነሡ ሰው እንዴት እንደ ወጡ አላየሁም። ተከትያቸው ገባሁ። ሁለተኛው ሳጥን ላይ ትንሽ መብራት ትበራለች። መጀመሪያ መንጠቆውን አዩ፤ ባዶ ነው። በእጃቸውም ዳበሱት፤ ባዶ ነው። ከዚያ እጀታውን አዞሩ፤ «ጧ!» አለ። ወዲያው ስልክ ጮኸ። ማዕከል ያለችው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው በርቷል፤ ሲስተሙ ሠርቷል። የእርስዎ ጣቢያ ግን ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጃል እኮ። የሌሎቹ ሁለት ነው።»

«ኔትወርክ ይሆናል ልጄ።»

«እኛም እንደዚያ ነው ያልነው።»

ስልኩን ሲዘጉ የሳጥኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ ጫፏ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች አንዲት ሽቦ ተንጠልጥላለች። በስድስቱም ሳጥን እንደዚያው መሆኑን ኋላ ነገሩኝ። እያየሁ መሆኔን አዩ።

«ማጥፊያውን አልነካሁትም» አሉ፣ እንደተከሰሰ ሰው። «ማጥፋት ሰው አይገድልም። ማብሪያዋን ብቻ ነው የፈታሁት። አብራ የሚል ትዕዛዝ ሲመጣ ደወሉ ይጮሃል፤ መንጠቆው ባዶ ከሆነ በእጄ አበራለሁ።»

«ባዶ ካልሆነስ?»

«ያኔ ኔትወርክ የለም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ የተመሰገነው ሲስተም እሳቸው ነበሩ ማለት ነው። ትዕዛዝ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ደግሞ ከደወሉ መራቅ አይችሉም። ለክተውታል። ወደ በሩ ስልሳ እርምጃ፣ ንፋሱ ከኋላ ከሆነ ሰማንያ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሱቅ ሰማንያ አምስተኛው እርምጃ ላይ ናት። ባለሱቁ ዳቦና ሳሙና አጥሩ ድረስ ያመጣላቸዋል፤ ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን ይዞ ይመጣል። የወንድማቸው ቀብር አልሄዱም። «ሠርግማ የሚቀር ሰው ሞልቷል» አሉኝ።

ሚስታቸው ከግቢው ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው፤ በትልቁ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ጠጠሩና የውኃ መቅዳቱ ለጉልበታቸው አልሆነም ነበር። ጋሽ መንጠቆ ወደዚያ እንዲዛወሩ ስድስት ጊዜ አመልክተዋል፤ አምስቱን ሽቦዋ ከመፈታቷ በፊት፣ ስድስተኛውን ከዚያ ወዲህ፣ ሚስታቸው አስጨንቀዋቸው። ዝውውሩ የተፈቀደው አሁን ነው። ጣቢያው ያለ ሰው በደንብ ስለሚሠራ ሰው አያስፈልገውም ተባለ።

ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ በመንገድ ሁሉ ስቸኩል ነበር። አንብበው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሚስታቸው ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ ያን ጊዜ ደወሉ። ጋሽ መንጠቆ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ጮክ አድርገው ነው የሚያነጋግሩት፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወጣ አሉ! እሰይ! አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩልህ።»

«ደህና አደረግሽ።»

«ምነው ድምፅህ? አልተደሰትክም እንዴ?»

«እስቲ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ያላለቀ ነገር አለ።»

«ሦስት ዓመት ያላለቀ! ከሳጥኑ ጋር ተጋብተህ እንደሆነ ንገረኝ፤ ቁርጤን ልወቅ። የልጅህ ልጅ በስልክ ውስጥ የሚኖር አያት አለኝ ነው የሚለው ለሰው።»

ሚስታቸው ሳቅ አሉ። ጋሽ መንጠቆ አልሳቁም። «እደውልልሻለሁ» ብለው ዘጉ።

እኔ በሰው ጉዳይ መግባት አልወድም፤ ያን ቀን ግን አፌ አመለጠኝ። «ለምን ለመሥሪያ ቤቱ አይናገሩም ጋሼ?»

«ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አሁን ብናገር ስለ ሽቦው ነው የሚጠይቁኝ፤ ስለ ካርቶኑ ማንም አያነሣም። እኔን ያባርሩና ሽቦዋን አስረው ይሄዳሉ።»

«እርስዎ ራስዎ አስረዋት ቢሄዱስ?»

ፒንሳውን አዩት።

«ሳያስሩ ቢሄዱስ?»

«በማግስቱ መስመር ይጠፋል፣ ከማዕከል አልበራም ይላል። መጥተው ሲከፍቱ ያገኟታል፤ ያው ያስሯታል። በሦስቱም በኩል መጨረሻው ያው ነው። እኔ ስንት ቀን ሳስበው የከረምኩ ይመስልሃል?»

ትናንት መልሱን ልቀበል ተመልሼ ሄድኩ። ከደብዳቤው ጋር የነበረው ፎርም ምልክት የሚደረግበት ሁለት ሳጥን አለው። አንደኛው «ዝውውሩን ተቀብያለሁ» ይላል። ሁለተኛው፣ ዝውውሩን የማይቀበል ሠራተኛ እዚያው ጣቢያ የግቢ ጥበቃ ሆኖ መቆየት እንደሚችል ይገልጻል፤ የብረት ሳጥኖቹ ክፍል ቁልፍ የሚቀመጠውም ጥበቃው ዘንድ ነው። ጋሽ መንጠቆ መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አራተኛው መንጠቆ ላይ ቀይ ካርቶን ተሰቅሏል፤ የፒንሳው ባለቤት ሸለቆው ውስጥ ምሰሶ ላይ ነው። ስዞር የፎርሙ ሁለተኛ ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው ፈርመዋል።

«እትዬን አነጋገሯቸው?»

«ጠዋት ደውላ ነበር። አልጋውን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።»

ከፊርማው በታች አንድ መስመር ባዶ ቀርቷል። «ምክንያት» ይላል። ያልተሞላ ፎርም እንደማይቀበሉኝ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ እስክሪብቶውን ወሰድኩና እኔ ልጻፍልዎት አልኩ።

«ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉትና ካርቶኑን አዩ።

«እሷን ጥያቄ አልመልስም» አሉ።