ከበረሃ የመጡት ሠዓሊና የሾላ ምንጭ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ሾፌራችን አበባው መኪናውን ሲያሞቅ ሰማዩ ገና አልለየለትም። ጣና ላይ ጉም ተኝቷል፣ ከመንገዱ ዳር የዘንባባዎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። እንግዳዬ ከሆቴሉ በር ላይ ቆመው እየጠበቁን ነው። አጠር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ቆዳቸው ከእኔ ይጠቁራል፣ የሸበተው ፀጉራቸው ግን ዞማ ነው። የብሩሽ ጥቅላቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

ስማቸው ዶሪን ይባላል። ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦሪጂን ከሚባሉት ወገን ናቸው። ሥዕሎቻቸው ብዙ አገር ዞረዋል። ለዐውደ ርእይ ባሕር ዳር በመጡበት ሰሞን ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም መካከል ያለች የሾላ ምንጭ የምትባል መንደር ርእሰ መምህር፣ አቶ ምንይችል፣ ሥዕሎቻቸውን አይቶ ኖሮ «አዲሱ ቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳው ባዶ ነው፤ አንድ ነገር ይሣሉልን» ብሎ ለመናቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የደምበጫ ልጅ ስለሆንኩ ያን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ።

አበባው የፊቱን በር ከፍቶ «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» አላቸው።

«ይህን ልጅ ምን ብዬ ልጥራው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «በእኛ ዘንድ ሰው ከማይዛመደው ሰው ጋር ረጅም መንገድ አይሄድም። መጀመሪያ ዝምድናችንን እንወቅ።» ጥቂት አሰቡና «አንቺ የእህቴ ልጅ ነሽ፣ እሱ የወንድሜ ልጅ» ብለው ወሰኑ።

ስተረጉምለት አበባው ሳቀ። «ታዲያ ጎጃምስ መች ከዚህ ይለያል?» አለና ማርሹን አስገባ።

ማክሰኞ፣ ረፋድ፣ ከመራዊ እስከ ቡሬ

መራዊ ላይ የበቆሎ ጆንያ የጫኑ ጋሪዎችና ባጃጆች መንገዱን ሞልተውታል። ጥቅምት ነው። ጤፉ ገና አረንጓዴ፣ ኑጉ ቢጫ፣ አየሩ የታጠበ ይመስላል። ከእንጅባራ በታች ደጋው ብርድ ስለነበር የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዝተን ትኩሱን በልተናል። የሚያልፉ ፈረሰኞችን ዶሪን በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ሰላም ይሏቸዋል፤ ፈረሰኞቹም የሚያውቋቸው ይመስል አጎንብሰው ይመልሱላቸዋል።

ሕይወታቸውን የነገሩኝ በዚህ መንገድ ላይ ነው። የተወለዱት በበረሃው መሃል፣ ዓመት እስከ ዓመት ውሃ ከማያየው ወንዝ ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። አያታቸው አሸዋው ላይ በጣቷ እየሣለች አገሩን አስተማረቻቸው። ክቡ ምልክት ውሃ ነው። የፈረስ ኮቴ የሚመስለው የተቀመጠ ሰው ነው። መስመሩ ደግሞ መንገድ። ሲያድጉ በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ተቀጠሩ፣ ጉልምስናቸውንም በአንሶላና በእንፋሎት መካከል ጨረሱት።

«ብሩሽ የያዝኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው» አሉኝ። «አክስቴ ጠርታ ‹የውሃችንን ታሪክ አንቺ ሣዪው› አለችኝ። ታሪኩ የእሷ ስለነበር እሷ ሳትሰጠኝ አንድ ክብ እንኳን መሣል አልችልም ነበር።»

«አክስትዎ ማን ይባላሉ?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ኋላ ነው የነገሩኝ፤ በእሳቸው ወገን የሞተ ሰው ስም አይጠራም።

የመጀመሪያውን ሥዕል ወድቆ ከቀረ መኪና በተነቀለ በር ላይ ሣሉት። ከዚያ ሸራ መጣ፣ ከሸራው ቀጥሎም ዐውደ ርእይ። በትልቅ ከተማ ሥዕላቸው የተሰቀለ ዕለት በተዋሱት ጫማ ገቡ። አብራቸው የመጣችው አክስታቸው ከሥዕሉ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የውሃውን ዘፈን ዘፈነች። «ዘበኛው ሊያስነሣት መጣ» አሉ ዶሪን፣ «ግን አላስነሣትም። ቆቡን አውልቆ እስክትጨርስ ቆሞ አዳመጣት።»

ቡሬ ስንደርስ ገበያው በበርበሬ ቀልቷል። ሦስታችንም እያስነጠስን ሽሮ በላን። ዶሪን ቃሪያውን ሳይፈሩ ስለበሉ አስተናጋጇ ሌላ ጨመረችላቸው።

ረቡዕ፣ የሾላ ምንጭ

ማታ ፍኖተ ሰላም አድረን ማለዳ ወደ መንደሪቱ ተመለስን። ከአስፋልቱ ወጥቶ በቀይ አፈር መንገድ ትንሽ ያስኬዳል። አቶ ምንይችል ግድግዳውን ነጭ አስቀብቶ ጠበቀን። ደስታው ከፊቱ ይነበባል።

ዶሪን ቀይ ቀለም በጠበጡ፣ በብሩሹ ጀርባ እየነከሩም ነጠብጣብ ይዘሩ ጀመር። ነጠብጣቡ እየተያያዘ ሲሄድ ተማሪው ተሰበሰበ፤ ከእርሻ የሚመለሰውም ቆሞ ያያል። ምሳ ሰዓት ግድም ሕዝቡ መንገድ ለቀቀና አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። አያ ቢተው ናቸው፣ የመንደሩ የሽምግልና ሰው። ፊታቸው በጠባሳ ተበሳስቷል።

ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ምንይችል፣ ልጄ፣ ይህን ነገር አስቁምልን።»

«አያ፣ ምነው? ሥዕል እኮ ነው፤ ሴትዮዋ በዓለም የታወቁ ናቸው።»

«ይሁኑ፣ እግዜር ያክብራቸው። ይህ ግን ፈንጣጣ ነው።» ጣታቸውን ወደ ፊታቸው አነሡ። «እኔን እንዲህ አድርጎ ተወኝ። ሁለት ወንድሞቼንና እህቴን ግን አልተዋቸውም። ልጆቻችን በየማለዳው ይህን እያዩ ይማሩ? ደግሞስ እኛ መች ተጠየቅን?»

ከዙሪያው የማጉረምረም ድምፅ ተሰማ። ዶሪን ወደ እኔ ዞሩ። ላለሳልሰው ፈልጌ ስንተባተብ «እንዳለ ንገሪኝ» አሉ። እንዳለ ነገርኳቸው።

ብሩሹን አስቀመጡ። ይቆጣሉ፣ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ውሃና ጨርቅ አስመጥተው የማለዳ ድካማቸውን በገዛ እጃቸው ማጠብ ያዙ። ቀዩ ውሃ በግድግዳው እየወረደ እግራቸው ሥር ተጠራቀመ። አያ ቢተው ይህን አልጠበቁም፤ ከዘራቸውን እንደጨበጡ ደርቀው ቀሩ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ አበባው ተናዶ «በቃ፣ አልፈለጉንም፤ ነገ ወደ ባሕር ዳር ነዋ!» አለ።

«የለም» አሉ ዶሪን። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ባለአገሩን ሳልጠይቅ ቀለም በጠበጥኩ። በእኛ በረሃ እንዲህ ያደረገችን ሴት አክስቴ በዱላ ነበር የምታባርራት። ነገ ጠዋት ሄደን እንጠይቃለን። አይሆንም ካሉ ያን ጊዜ እንመለሳለን።»

ሐሙስ፣ የአያ ቢተው ደጅ

ከአጥሩ ውጭ ስንደርስ «ቤቶች!» ብዬ ልጣራ ስል ዶሪን ክንዴን ያዙኝ። ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን። የሰው ሰፈር ሲደረስ ባለቤቶቹ እስኪያዩ ድረስ ራቅ ብሎ መጠበቅ ወጋቸው ነው።

ያዩን የአያ ቢተው ባለቤት፣ እማማ የሽወርቅ፣ ናቸው። «ኧረ በሞቴ! እንግዳ ሜዳ ላይ? ምን ጉድ ነው፣ ግቡ እንጂ!»

ገብተን በሶ ቀረበልን። ዶሪን ሳይቀምሱ በፊት ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ።

«እኔ የሌላ አገር ልጅ ነኝ» አሉ በእኔ አፍ። «የውሃውም የመሬቱም ባለቤቶች እናንተ ናችሁ። ትናንት ሳልጠይቅ ገባሁ፤ ይቅር በሉኝ። ያን በሽታ እኛም እናውቀዋለን። ነጮቹ መጤዎች በመጡ ጊዜ በአገራችን ገብቶ ስንቱን መንደር ያለ ሰው አስቀርቷል። ዛሬ ከደጃችሁ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ ቀለሜን ይዤ ልግባ ወይስ ልመለስ?»

የአያ ቢተው ዓይን ረጠበ።

«እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ» አሉ። «መንገድ ሊቀድ የመጣ አለ። የመብራት እንጨት ሊተክል የመጣ አለ። ‹ልግባ ወይ?› ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «የሽዬ፣ ነጠላሽን ልበሺ። ውሃውን እናሳያቸው።»

ቀኑን ሙሉ ስንዞር ዋልን። እማማ የሽወርቅ ምንጮቹን እንደ ልጆቻቸው በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ይህ በበጋ የማይነጥፈው፣ ያ ሙሽራ ስትመጣ የሚቀዳው፣ ያኛው ለከብት ብቻ። ዶሪን ውሃውን በመዳፋቸው እየነኩ ይሰማሉ። ከአንድ የዛፍ ጥላ ሥር ስንደርስ እማማ የሽወርቅ ቆሙ።

«ይህን አይሣሉት፣ እታለም። የገብርኤል ጠበል ነው።»

ዶሪን የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እኛም የማይሣል ውሃ አለን። አክስቴ ያሳየችኝን ሁሉ የሣልኩ ይመስላችኋል?»

ሁለቱ አሮጊቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዳገቱን ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚ የፈለገ ሰው ጠፋ።

ዓርብና ቅዳሜ

ነጩ ግድግዳ የመንደሩን አፈር በሚመስል ቡናማ ተሸፈነ። በላዩ ላይ ምንጮቹ አንድ በአንድ ክብ ሆነው ወጡ፤ ሰማያዊው በነጭ፣ ነጩ በቢጫ ነጠብጣብ ተከቦ፤ ቀይ ነጠብጣብ ግን አንድም የለም። በአካባቢው የሚወርደው ብር ወንዝ በግድግዳው ቁልቁል ተጥመለመለ። በየምንጩ ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶች ምልክት ተደረደረ። የጠበሉ ቦታ ባዶ ቀረ። ከጥግ ላይ፣ አያ ቢተውን አስፈቅደው፣ የራሳቸውን የበረሃ ውሃ አንድ ክብ ሣሉ፤ ከእሱም እስከ ሾላ ምንጭ ቀጭን መንገድ ዘረጉ።

ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሰው ሰው አህያውን እያቆመ ያነበው ጀመር።

«ያ የኛ ምንጭ አይደለም? የኛኮ ከወንዙ በላይ ነው!»

«ታዲያ ይኸው፣ ከወንዙ በላይ አይደል የተቀመጠው?»

አያ ቢተው በርጩማ አስመጥተው ከግድግዳው ሥር ተሰይመዋል። በከዘራቸው እየጠቆሙ ለመጪ ለሂያጁ ያስረዳሉ። ከሽንዲ ከተማ የመጡ ነጋዴዎች «ሠዓሊዋ እኛስ አገር መቼ ነው የሚመጡት?» ብለው ሲጠይቁ አያ ቢተው «መጀመሪያ ውሃችሁን እወቁ!» ብለው መለሱላቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

መንደሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ መጣ። ካህኑ መረቁ፣ እልልታው ቀለጠ። እማማ የሽወርቅ ዶሪንን አዲስ ነጠላ አለበሷቸው፣ አያ ቢተውም «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ውሃ ልጅ ነዎት» አሉ። አቶ ምንይችል ንግግር ጽፎ መጥቶ ነበር፤ ወረቀቱን ሳይዘረጋ ወደ ኪሱ መልሶ ከሕዝቡ ጋር አጨበጨበ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «በእርስዎ ቋንቋ ውሃ ምን ይባላል?»

ስተረጉምላቸው ዶሪን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ነገሩኝ። እናታቸውን ገና ሕፃን ሳለች የመንግሥት ሰዎች ከእናቷ ነጥቀው ሚሲዮን አስገቧት። በዚያ ይህን ቃል በተናገረች ቁጥር አፏን በሳሙና ያጥቧት ነበር።

ከዚያ ቀና አሉ።

«ካፒ» አሉ ጮክ ብለው።

«ካፒ!» አለች ተማሪዋ። ጓደኞቿ ተቀበሏት፤ ከዚያ እናቶቹ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ልጅቷ ጠመኔ ይዛ «እንዴት ነው የሚጻፈው?» ስትል ዶሪን ብሩሽ ሰጧት። ከትልቁ ክብ ሥር በፊደላችን «ካፒ» ብላ ጻፈች። ዶሪን ሁለቱን ፊደላት በጣታቸው ሳይነኩ ከአየር ላይ ተከተሏቸው፤ ያ ቃል በሰው ሁሉ ፊት ተጽፎ ሲያዩ በሕይወታቸው ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገሩን።

ስንሸኝ ልጆቹ ከመኪናው ኋላ እየሮጡ «ካፒ! ካፒ!» ይላሉ። አበባው አዝግሞ ነዳ። ዶሪን አዲሱን ነጠላ እንደለበሱ ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው፣ አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ድረስ፣ ድምፃቸው እስኪሰልል መለሱላቸው። «ካፒ! ካፒ!»