የሦስት ቁጥሩ እንግዳ

መካነ ሰላም ውስጥ አልጋ የምታከራየው ሐረግ፣ የሦስት ቁጥሩን እንግዳ አፉን ከከፈተ ጀምሮ አላመነችውም። አነጋገሩ እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ ነው፤ ጫማውን በቀን ሁለቴ ይወለውላል፤ ገበያ ሲወጣ ግን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ይደፋል። “አዲስ አበቤ ነኝ እትዬ፤ አገሩን ሳየው ገና የመጀመሪያዬ ነው” ብሏታል። ሰላይ ይሆን እያለች ሦስት ቀን በዓይነ ቁራኛ ጠበቀችው።

ዛሬ ጠዋት ገብስ የተጫነች በቅሎ በሩ ላይ ተገትራ አልንቀሳቀስ አለች። ባለቤቷ ቢጎትታትም እምቢ አለች። እንግዳው ጠጋ ብሎ አንገቷን አሻሸና፣ የጎረቤቱ አገር የአቀስታ ባላገር ቃሉን በሚስብበት ዜማ፣ “እለፊ እስቲ፣ የኔ እናት” አላት። በቅሎዋ አለፈች። እሱም ወዲያው ኮስተር ብሎ፣ “እዚህ በቅሎ ይበዛል ልበል?” አለ፣ በራዲዮው ድምፅ።

ሐረግ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

“ምሳህን እዚህ ትበላለህ፣” አለችው፣ “ወይስ እናትህ ዘንድ?”