ሃያ አራት ቤት

ሙሉነሽ ራማት ቬርበር በሚባል ሰፈር የሰው ሕንፃ ደረጃ ታጥባለች። ከላይኛው ፎቅ ጀምራ እየጠረገች፣ እየወለወለች ወደ ታች ትወርዳለች፤ ታች ስትደርስ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደሚቀጥለው ሕንፃ። ጉልበቷ ማበጥ ከጀመረ ከርሟል። ማታ ወደ ሰፈራችን ወደ አሚሻቭ ስትመለስ የራሷን ደረጃ የምትወጣው ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ነው። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ትንፋሿ ከእኔ በር ፊት ሲደርስ አውቀዋለሁ። እዚያ ጋ ቆም ትልና፣ ሰው እንዳይሰማት ቀስ ብላ ታስላለች። እኔም እንዳልሰማ እሆናለሁ።

ባሏ ጋሽ ሀይሉ ኩላሊታቸው ደክሟል። በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ሄደው ደማቸው በማሽን ይታጠባል። የሚወስዳቸው ሃሳዓ፣ ማለትም የበሽተኛ ማመላለሻው መኪና፣ የሚመጣው እሷ ሥራ ከገባች በኋላ ነው። ኑሯቸው የቆመው በዚህ መኪና ላይ ነበር። እሱ ከመጣ እሷ ትሠራለች፤ እሱ ከቀረ እሷም ከሥራዋ ቀረች።

ጣጣው የመጣው ከቁጥር ነው። ሕንፃችን ከተሠራ ጀምሮ ሃያ አራት ነበር። ከፊታችን የነበረውን አሮጌ ቤት አፈረሱና ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረ፣ መስታወቱ የእኛን የተሰጣ ልብስ ሳይቀር የሚያሳይ ሕንፃ ገተሩበት። አንድ ቀን የዒሪያ ሰዎች፣ የከተማው ሹሞች ማለቴ ነው፣ መጥተው የበራችንን ታርጋ ነቀሉና ሃያ አራትን ለአዲሱ ሰጡት። የሙሉነሽ ልጅ ብሌን ደውላ ጠየቀቻቸው። ያስረዷት እንዲህ ነው፦ ቁጥር የሚጀምረው ከመንገዱ ራስ ነው፤ በአንዱ ወገን ጎዶሎው፣ በሌላው ሙሉው። የሚሰጠውም መንገዱን ለሚያየው በር ነው። የእኛ በር አሁን የሚያየው የሌላውን ሕንፃ ጀርባ ነው። ስለዚህ የፊተኛውን ቁጥር እንይዝና ከኋላው ፊደል እንቀጥላለን። ትናንት የመጣው ራስ ሆነ፣ እኛ ጅራት።

ብሌን የምትኖረው ሌላ ሰፈር፣ ሃዳር ጋኒም ነው። ወሬውን ይዛ መጣችና፣ በዕብራይስጥና በአማርኛ መሐል እየዘለለች፣ “አባ፣ ካሁን በኋላ ሃያ አራት ቤት ነው የምትለው፣ በሰደር? እሺ?” አለቻቸው። እሺ ሲሏት ተመልሳ ሮጠች፤ ልጆቿን ከመዋያ ማውጣት ነበረባት።

ጋሽ ሀይሉ ወደ ሙሉነሽ ዞረው፣ “ቤት መሆኑንማ መቼ አጣነው? በረት ነው ያለ ሰው አለ?” አሉ።

ሙሉነሽም ሳቀች። የዕብራይስጡ ሁለተኛ ፊደል “ቤት” እንደሚባል ሁለቱም ያውቃሉ። ጋሽ ሀይሉ እዚህ አገር እንደገቡ አሌፍ ቤቱን በቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ በኡልፓን፣ ቁጭ ብለው ቆጥረውታል። ግን ልጃቸው በአማርኛ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም በአማርኛ ሰሙት።

ከሃሳዓው ቢሮ ደውለው አድራሻቸውን ሲያጣሩ ጋሽ ሀይሉ “ሃያ አራት፣ ሰባተኛው መኖሪያ” አሉ። ሹፌሩ ቀጥ ብሎ ወደ አዲሱ ሕንፃ። ሰባተኛው መኖሪያ ገና ሰው አልገባበትም፤ ደወሉን ተጭኖ ተጭኖ ሲሰለቸው ስልክ ደወለ። “በሩ ላይ ነኝ” አለ። ጋሽ ሀይሉም ኮታቸውን ለብሰው፣ “እኔም በሩ ላይ ነኝ” አሉ። እሱ እያሾፉብኝ ነው ብሎ ተናደደ፣ እሳቸው ዋሸኝ ብለው ተናደዱ። መኪናው ሄደ።

ሙሉነሽ መወልወያዋን ጥላ በአውቶቡስ መጣች፤ ባሏን ደግፋ በአውቶቡስ ወሰደቻቸው። በሚቀጥለው ጊዜም ያው ሆነ። የሃሳዓው ቢሮ በሽተኛው ሁለቴ አልተገኘም፣ ሌላ ጊዜም ካልተገኘ ከመኪናው ይሰረዛል አለ። የሥራ አለቃዋ አቪሃይ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ግማሹ እርጥብ ግማሹ ደረቅ ደረጃ ትታ ከሄደች ተከራዮቹ የሚጮኹት በእሱ ላይ ነው። አሁንም ከሄድሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ አላት።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሥራውን ልተወው ነው ብላ ለብሌን ደወለች። ብሌን መጣች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አባቷ ፊት ቆመች።

“አባ፣ ከቢሮው ሲደውሉልህ ምን አልካቸው?”

“ሃያ አራት።”

“ቤትስ?”

“እሱንማ ምን መናገር ያስፈልጋል? ሊወስደኝ የመጣው ከቤት ነው፣ ከገበያ አይደለም።”

ብሌን ግንባሯን ያዘች። “ፊደሉን ነው እኮ። አሌፍ፣ ቤት። ያኛው ቤት።”

“ታዲያ ‘በ’ አትይኝም ነበር?” አሉ ጋሽ ሀይሉ።

ሙሉነሽ አሁን አልሳቀችም። እግሯን የሞቀ ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር። “ለአንዲት ‘በ’ ነው እንዲህ ያለቅሁት?” አለች።

ብሌን ለሃሳዓው ቢሮ ደውላ አድራሻውን አስተካከለች። የሕክምናው ቀን ሲደርስ ግን ሙሉነሽ ከሥራ ቀርታ ራሷ መኪናው ላይ ልታሳፍራቸው አሰበች። ጋሽ ሀይሉ ከለከሏት። “ከቀረሽ መኪናው ቢመጣም ሥራው የለም። ሂጂ” አሏት። ሄደች።

ስልኳን ሽርጧ ኪስ ከትታ ከላይኛው ፎቅ ጀመረች። አለመደወሉ ደግ ነው፤ ከደወለ መኪናው ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ፎቅ ጨረሰች፤ ዝም ነው። ሌላው ላይ ስትደርስ ኪሷ ተንቀጠቀጠ። ስታየው ባሏ ናቸው። ቶሎ አላነሳችም። ለአቪሃይ የምትለውን ፈለገች። ከዚያ አነሳችው።

“መኪናው ውስጥ ነኝ” አሉ።

“ታዲያ ምን ያስደውልሃል? ገደልከኝ እኮ።”

“ትጨነቂያለሽ ብዬ ነዋ።”

ቀበቶህን እሰር፣ አፍህንም ዝጋ አለችና ስልኩን ዘጋች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ከላይ አንድ ሰው ውሻውን ይዞ ወረደ፤ እርጥቡን ደረጃ ሁሉ ረግጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ “ቦከር ቶቭ”፣ እንደምን አደርሽ፣ ብሏት አለፈ። እሷም ቦከር ቶቭ አለችው። መወልወያውን ጨመቀችና፣ ዱካውን ለማጥፋት ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች።