ቅመምና ከካስክ ስር የወጣው ምስጢር

የወንድሜን ልጅ ቅመም የምንላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤት ስለምታጣፍጥ ነው፤ አንዳንዴም ስለምታቃጥል።

እናቷ ስትሞት እኔ ጋ መጣች። ያደገችው ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ በሻምፑ ሽታና በሴቶች ወሬ መካከል ነው። ገና ወንበር ላይ መውጣት ሲያቅታት "ለምን?" ማለት ጀመረች። አንድ ቀን "አክስቴ፣ ይቺ ሀብታሟ ለምንድነው ተራ የማትጠብቀው?" ብላ ሴትዮዋ ፊት ጠየቀችኝ። ወይኔ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግነቱ ሴትዮዋ ሳቀችና ተራዋን ጠበቀች።

ይህች ልጅ መሃንዲስ ልትሆን ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጨረሻ ዓመቷ ላይ የሴቶቹ ማደሪያ ውሃ ጠፋ። ሳምንት ቢሆን ማንም ይችለዋል፤ ይሄ ግን ወር አለፈው። ቢያመለክቱ ሰሚ የለም። በመጨረሻ ቅመም ጓደኞቿን አስከትላ፣ ሁሉም ባዶ ባልዲ ይዘው አስተዳደሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። መፈክር የለ፣ ድንጋይ የለ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? መንግሥት ግን ዝምታቸውን "አመፅ" አለው። ፖሊስ መጥቶ መሪዋ አንቺ ነሽ ብሎ ከነባልዲዋ ጭኖ ወሰዳት።

ውሃው፣ ጉድ እኮ ነው፣ እሷ በታሰረች ማግስት ተለቀቀ። እሷን ግን ለመልቀቅ ሳምንታት ፈጀባቸው። ልቀበላት ስሄድ ከስታ፣ ጠቁራ አየኋትና አለቀስኩ። እሷ እቴ! አቅፋኝ "አክስቴ፣ እስር ቤት እንኳ ውሃ አለ እኮ!" አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅ አመለጠኝ።

ተፈታች እንጂ አልተተወችም። የዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪወስን ከትምህርት ታገደች። ከሦስት ሰው በላይ ባለበት እንዳትገኝም ታዘዘች። ኮሚቴው ካባረራት የዚያን ሁሉ ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲም አይቀበላትም።

እና የት ትዋል? ከእኔ ጋር መሥራት ጀመረች። ሰው ሲበዛ ቢጎዲኗን፣ ያን የፀጉር መጠቅለያ፣ እንደያዘች ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ሲቀል ትመለሳለች። ፊት ለፊት ካለው ጫማ ቤት በር ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ ጋዜጣ ዘርግቶ ይውላል። ማን እንደላከው ሆድ ያውቃል። ባለ ጋዜጣው አልነው። ደንበኞቼ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር "ጋሼ፣ ያቺን ገጽ አልጨረሷትም?" ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ያፍራል መሰለኝ ፊቱን በጋዜጣው ይሸፍናል።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ሲቀረው የዲኑ ሚስት ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ዲኑ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። የድሮ ደንበኛዬ ብትሆንም ሳያት ደሜ ፈላ። በባሏ ቂም ፀጉሯን አቃጥይው አቃጥይው አለኝ፤ ሰይጣንን እግዜር ያርቅልኝ! ሌላ ደንበኛ ስላልነበረ ጓሮ ያልወጣችው ቅመም ግን ፈገግ ብላ "ይቀመጡ እትዬ" አለቻት። አጠበቻት፣ ቢጎዲን ጠቀለለችላት፣ ካስክ ውስጥ አስገባቻት።

ካስክ ያ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ ነው። ጩኸቱ ለጉድ ስለሆነ ውስጡ ያለች ሴት የራሷን ድምፅ አትሰማም። እኛ ባለሙያዎቹ ካስክ ውስጥ ያለችን ሴት ስለ ባሏ አንጠይቅም፤ ሰፈር ሁሉ ይሰማዋላ! ቅመም የሚጠጣ ውሃ ልታቀብላት ጎንበስ ስትል ሴትዮዋ ክንዷን ያዘችና የምታንሾካሹክ መስሏት ጮኸች፤

"የኔ ልጅ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም! ባሌ ራሱ ነው የነገረኝ! ከላይ ደውለው 'አንዷን ቅጣና ሌሎቹ ይፍሩ' ብለውት ነው! እንቅልፍ አጥቷል! በይ ለማንም እንዳትናገሪ!"

መንገደኛው ቆመ። የባለ ጋዜጣው ጋዜጣ ከእጁ ወደቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸው ነው! ከዚያማ ሳቁ አይነሳ። ሴትዮዋ ራሷን ከካስኩ አውጥታ "ምን ያስቃችኋል?" ስትል ጭራሽ ባሰብን። ሲነገራት ክው አለች። ቆይታ ግን ትከሻዋን ሰብቃ "እውነት ነው፤ ይውጣ! እኔም ከብዶኝ ነበር" አለች።

በኮሚቴው ቀን ቅመም ማለዳ ብቻዋን ሄደች። እኔ የደንበኞቼን ፀጉር ስጠቀልል አንዷ "ምን እንጠብቃለን?" ብላ ተነሳች። ሌሎቹም ተነሱ። ቤቱን ቆልፌ፣ ሁሉም ቢጎዲን በራሳቸው እንደሆነ፣ በሰልፍ ሳይሆን ሁለት ሁለት እየሆንን ሄድን። የግቢው ዘበኛ "ስብሰባ ክልክል ነው!" አለን።

"ማን ተሰበሰበ?" አልኩት። "ፀጉር ሠሪያቸው እዚህ ገብታለች። እንዲህ ሆነው የት ይሂዱ? ወይስ አንተ ትጨርስላቸዋለህ?"

ዘበኛው ሳቁን ሲውጥ ትን አለው። ከፊት የቆመችው ያን ቀንም ልትሠራ የመጣችው የዲኑ ሚስት ነበረች፤ እሷም ተጠቅልላ። ዲኑ በመስኮት ብቅ ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ እሷ ወይ ፍንክች።

ብዙ ቆይቶ ቅመም ወጣች። ሮጬ ያዝኳት። "ምን አሉሽ? ተናገሪ እንጂ!"

"አላባረሩኝም። ግን ለቅጣት የመጨረሻውን ዓመት ትደግሚያለሽ አሉኝ።"

"አንድ ዓመት? ለባዶ ባልዲ?" ብዬ ወደ በሩ ስንደረደር እጄን ያዘችኝ። ፊቷን ሳየው በሳቅ ልትፈነዳ ደርሳለች።

"አክስቴ፣ ተረጋጊ እንጂ! አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር እንዲቆዩ በራሳቸው ላይ እኮ ነው የፈረዱት!"

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዲኑ መስኮቱን ዘጋ።