ሌንዴ በአፉ ያዳነው ፈረስ

በእኛ መንደር ፈረስ መጋለብ የሚችል ሰው ሁሉ በሌንዴ እጅ ወድቆ የተነሳ ነው። እኔ የትከሻዬን አጥንት የሰበርኩት በስምንት ዓመቴ ነበር። አፈር ላይ ተዘርሬ ሳቃስት ሌንዴ በቀርከሃው ቁርጭምጭሚቴን ሸነቆጠኝና፣ "ተነስ! መጀመሪያ ፈረሱን ይቅርታ ጠይቅ፤ ከዚያ ታለቅሳለህ" አለኝ።

ደንቡ ነው። የወደቀ ልጅ ደሙን ሳይጠርግ የፈረሱን አፍንጫ በሁለት እጁ ይዞ ይቅርታ ይላል። ፈረሱም የራሱ ደንብ አለው። ልጅ ሲወድቅ ሌንዴ ምላሱን ከላንቃው ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ያን የሰማ ፈረስ በሽምጥ ግልቢያ ላይ ቢሆን እንኳ ባለበት ቀጥ ይላል። ኮርቻ የለ፣ እርካብ የለ፤ በአርባ ዓመት ግን አንድም ልጅ ተረግጦ አያውቅም። "ሜዳውም ያው፣ ፈረሱም ያው! አባትህ ሀብታም ነው ብሎ የሚሸከምህ የለም" እያለ የጌቶችን ልጆች ሲያላግጥባቸው እንስቅ ነበር።

እሱ ራሱ ጌታ ያለው ሰው ነበር። አያቱ በመንደሩ ጌታ በዳይሮ ቤት የተገዛ ባሪያ ስለሆነ ሌንዴን ሕፃኑም ሽማግሌውም "አንተ" ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። በአምስት ዓመቱ ፈረስ ጀርባ ላይ በገመድ አስረው ለቀቁት፣ ከዚያ ወዲህ የዳይሮን ቤት ፈረስ ሁሉ የገራ እሱ ነው። የራሱ ግን አንድም አልነበረውም። ተማሪዎቹ በፓሶላ በዓል እየጋለቡ ጦር ሲወራወሩ፣ እሱ ሜዳው ዳር ልጓም ይዞ ይቆማል።

ሜቴ የተባለውን ውርንጭላ ግን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። ጥቁር ነው፤ እናቱ ስትሞትበት ሌንዴ በጎሽ ወተትና በበቆሎ አጥሚት አሳደገው። ልጆቻችን ሁሉ መጀመሪያ የተቀመጡት ሜቴ ላይ ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ የወደብ ነጋዴ መጣና ዳይሮ ሜቴን ሊሸጥለት ተስማማ። በመርከብ የሚሄድ ፈረስ መጨረሻው ይታወቃል፤ ጉልበቱ እስኪሰበር ጋሪ ይጎትታል፣ ከዚያ ይታረዳል። ሌንዴ ድግሱ ላይ፣ ነጋዴው የአሳማውን ሥጋ እየጎረሰ ሳለ፣ ብድግ አለና በመንደሩ ሁሉ ፊት ዳይሮን፣ "አማ ሜቴ!" ብሎ ጮኸ።

እዚህ ሱምባ ደሴት ትልቅ ሰው የሚጠራው "አማ"፣ ማለትም አባት፣ ተብሎ በፈረሱ ስም ነው። አንዴ በአደባባይ ከወጣ ደግሞ መመለሻ የለውም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ዳይሮ ልቡ ቅቤ ጠጣ። "ሰው ስሙን አይሸጥም" ብሎ ነጋዴውን ባዶ እጁን ሸኘው። ሌንዴ ዓመቱን ሙሉ፣ "ከመርከብ ያወረድኩት በአፌ ነው!" እያለ ሲኩራራ ከረመ።

ስሙን የሰጠ ፈረስ ግን ጌታው ሲሞት ወደ ሙታን አገር እንዲሸከመው አብሮት ይታረዳል። ሌንዴ ይህን ጠፍቶት አይደለም። "ዳይሮ ጎሽ ነው፤ ሁላችንንም ይቀብራል" ነበር የሚለው። ዳይሮ ማሳል ሲጀምር ነው የደነገጠው። ማር ፍለጋ ጫካ ይወጣል፣ ጮማውን ከጌታው ፊት ያነሳል፣ ደጁ ላይ ተኝቶ ትንፋሹን ያዳምጣል። ሰዉ፣ "ምን ያለ ታማኝ ነው!" ይል ነበር። ዳይሮ ግን ሞተ።

ሌንዴ በዳይሮ ልጅ በማሎ እግር ላይ ወደቀ። ማሎንም ጋላቢ ያደረገው እሱ ነው።

"ጌታዬ፣ ሌላ ጥቁር አለ። ከሜቴ ያማረ።"

"ስሙን ያወጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ታዲያ አባቴ በእግሩ ይሂድ?"

ከኋላ አንዱ፣ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አለና ሳቁ። ሳቁ ስል እኔም ስቄያለሁ።

በቀብሩ ቀን ሌንዴ ገመዱን ይዞ ሜቴን መቃብሩ ፊት አቆመ። ማሎ ቆንጨራውን አነሳ። እጁ ድሮም ከባድ ነው፤ አንገቱን ስቶ ትከሻውን ሸረከተው። ፈረሱ ተፈናጥሮ ወጣ። ገመዱ ሌንዴን አመለጠው ይላሉ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ እጁን ሲከፍት አይቻለሁ። ሜቴ ሕዝቡን ሰንጥቆ ወደ መንደሩ በር ጋለበ፤ ከበሩ ወዲያ ሜዳና ኮረብታ ነው።

"አቁመው! አቁመው እንጂ አንተ!" ማሎ ጮኸ።

ሌንዴ አፉን ገጠመ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ እንዲያመልጥ ተመኘሁ።

ያኔ የሰባት ዓመቷ ልጄ ዊኒ ስትሸሽ ተደናቅፋ በሩ ላይ፣ ኮቴው ፊት ተዘረረች።

ቀጭ ቀጭ።

አርባ ዓመት የለመደ ምላስ ነው፤ ሌንዴን ያስፈቀደውም አይመስለኝ። ሜቴ ከልጄ ራስ አንድ ስንዝር ላይ ቀጥ አለ። ዊኒ ተነሳች። እኔው ነኝ ደንቡን ያስተማርኳት። አላለቀሰችም፤ አፍንጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ይቅርታ፣ ሜቴ" አለችው። ፈረሱም አንገቱን ዝቅ አደረገላት። ማሎ ከኋላ ደረሰ። በዚህኛው አልሳተም።

ሽማግሌዎቹ፣ "በፈቃዱ ሄደ! ራሱ ቆመ!" እያሉ ተደሰቱ። ማሎ ላቡን ጠርጎ የሌንዴን ጀርባ መታ መታ አደረገና፣ "ጎበዝ፣ በደንብ ነው ያስተማርከው" አለው።

የቀብር ሥጋ፣ የፈረሱም ቢሆን፣ ለሁሉም ይከፋፈላል፣ የደረሰህን እምቢ ማለት ነውር ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌንዴ ድርሻውን በቅጠል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። እኔ፣ "አማ ሌንዴ፣ ልጄን እኮ..." ብዬ ጀመርኩ። በዕድሜዬ "አማ" ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ዞሮም አላየኝ። ሥጋውን አስጠብሶ ዊኒ ፊት አስቀመጠው።

"ብይ" አላት። "የቆመው ላንቺ ነው።"

ልጄ ዓይን ዓይኔን አየች። አንገቱን ይዤ ላስወጣው ይገባ ነበር። "ብይ" አልኳት።

እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቀ።