የአባቴ የጎርፍ ተራ

አባቴ ቆቦ ካለችው አነስተኛ የአረጋውያን መጦሪያ የገባ ሰሞን ከክፍሉ ምርጡን አልጋ ሰጡት። መስኮት ዳር ነው። ተጋድሞ የምዕራቡን ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል። እኔም ከግድግዳ ጋር ከሚፋጠጥ አገሩን ይይ ብዬ ደስ አለኝ፤ የመጦሪያዋ ኃላፊ የሆነችው ነርስም ደስ አላት። የራያን ገበሬ ተራራ ፊት አስተኝተን እንቅልፍ ይወስደዋል ማለታችን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

እኛ ቆላ ላይ ፀሐይ አናት እየበሳ ደጋው ላይ ይዘንባል። ጥቂት ቆይቶ ደረቁ ወንዝ በደራሽ ጎርፍ ይሞላል። ገበሬው ያንን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ጎርፍ ካለፈ አለፈ ነው፤ ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ተራራው ሲጠቁር ያየ ገበሬ አካፋውን ይዞ ይወጣል እንጂ አይተኛም። አባቴ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የኖረው እንዲያ ነው።

ጉልበቱ ከዳው እንጂ ዓይኑ አልከዳውም። በልግም ሆነ ክረምት ደመና ባንዣበበ ቁጥር ተነስቶ ጫማውን ይፈልጋል፣ በሩን ይገፋል፣ ዘበኛውን ይቆጣል። «ውሃው መጣ፣ ልቀቁኝ» ይላል። ሴቶቹ ተንከባካቢዎች ጎትተው ይመልሱታል፤ ሻይ ሳይቀዱለት እንደገና በሩ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ።

መጦሪያ ያስገባሁት ወድጄ አይደለም። እናቴ ሞታለች፣ ወንድሜ አረብ አገር ነው፣ እኔ ሴት ልጁ ዋጃ አስተምራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ ወጥቼ ስመለስ መሽቷል። ብቻውን ቤት ትቼው አስፋልቱ መሀል በከባድ መኪናዎች ፊት ሲሄድ ሰዎች አገኙት። ያ አባት ልጅ ወልዶ ምን ጠቀመው ያለ ሰው አልጠፋም። አፍ ዳገት አይፈራም። ታዲያ እስቲ አንተ ጠብቅልኝ ስለው መንገዱን ያያል።

እኔም አላረፍኩም። ዋጃ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። ተራራው ከጠቆረ አባቴ ተነስቷል ማለት ነው። ደወሉ ሲደወል ከተማሪዎቼ ቀድሜ እወጣለሁ። ሚኒባሱ ሰው ልሙላ ብሎ ሲቆም ሾፌሩን መጨቅጨቄ ስለታወቀ ከኋላ ወንበር ያስቀምጡኝ ጀመር።

አንድ ቀን ስደርስ አባቴ በጀርባው ተዘርሮ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ልብሱ ረጥቦ አገኘሁት። ብጠራው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነ። የሚያስተኛ ኪኒን ታዞለት ነው። ነርሷን ሰው ነው ወይስ ጆንያ ነው የምትጠብቂው አልኳት። እሷ ድምጿን አላነሳችም። በሩ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተልጧል አለችኝ፣ ተንከባካቢዎቿ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ዳሌው ቢሰበር ማን ይጠየቃል።

በመጨረሻ ተስማማን። ኪኒኑ ይቆማል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከግቢ ወጥቶ ከጠፋ ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ። መውሰድ ማለት ሥራዬን መተው ነው፤ ሥራዬን ከተውኩ ሁለታችንም የሰው እጅ ልናይ ነው። ያለ ኪኒን መተኛት አለበት፣ ሌላ መንገድ የለም።

አልጋውን ወደ ግድግዳው አዞርነው። ባሰ። ተራራው ከአልጋው አልታይ ሲለው እያረጋገጠ ለመመለስ በየደቂቃው ወደ ግቢው ይወጣል። ተንከባካቢዎቹ አብረውት ሲመላለሱ እግራቸው አበጠ።

ከአባቴ ጎን ባለው አልጋ የተኙት ሽማግሌ ዓይናቸው ደክሟል። በጉልበታቸው ዘመን ከሮቢት በታች፣ እኛው ወንዝ ላይ፣ የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ገበሬው የሚመርጠው ነው፤ ጎርፉን ዛሬ ለላይኞቹ፣ ነገ ለታችኞቹ ብሎ በተራ ያካፍላል። እሱ ያለው አይሻርም፤ ቢሻር ደም ይፈሳል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሽማግሌውን ስንት ጊዜ ሰላም ብያቸው አልፌያለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተራራው ጠቆረ፣ አባቴ ጫማውን አጠለቀ፣ እኔም ክንዱን ይዤ ስታገል ሽማግሌው ካልጋቸው ሳይነሱ ተናገሩ።

«አንተ ሰው፣ የዛሬው ውሃ የላይኞቹ ነው። አርፈህ ተኛ።»

አባቴ ቆመ። ወደ እሳቸው ዞሮ ትንሽ አሰበና ጫማውን አወለቀ። ተኛ። ልክ እንደ ጤነኛ ሰው በጎኑ ተኛ። ነርሷና እኔ ተያየን፤ ያን ያህል ስንጣላ ከርመን እጅ ለእጅ ተያይዘን ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ደመና ሲመጣ ሽማግሌው ይናገራሉ፣ አባቴ ይተኛል። ነርሷ አዲስ የገባ ሰው ሁሉ ከሕመሙ በፊት ሥራው ምን እንደነበር መጠየቅ ጀመረች። እኔም ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አንድ ቀን ነርሷ ጥፍሩን ስትቆርጥለት አባቴ ቀና አለና ሽማግሌውን ጠየቃቸው።

«የላይኞቹ አልበዛም ወይ? የኔ ተራ መቼ ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ልጄ፣ ሰው የሚተኛው ተራው እንደሚደርስ ሲያምን ነው። እኔ በውሃ ዋሽቼ አላውቅም። አሁን የሱ ነው።»

ከግቢ ከወጣ ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ ያውም የራሴ ነው። ነርሷን ለመንኳት። ልማጸናት እንጂ ልቆጣት አልቻልኩም። እሷም ነጠላዋን አነሳች፤ አብሬያችሁ ከሄድኩ ጠፋ አይባልም አለች። የአባቴን እርሻ በእኩል ለሚያርሰው ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። እሱም ከጎረቤቱ ጋር ተራ ተለዋወጠልን። በመጀመሪያው ደመናማ ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ ሦስታችን በባጃጅ ወደ ሮቢት ሄድን።

ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ጭራሮ እየነዳ መጣ። የአጎቴ ልጅ የቦዩን አፍ ከፈተ። አባቴ ጫማውን ጥሎ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ነርሷ በአንድ በኩል እኔ በአንድ በኩል ደገፍነው። «ከዚያ ቁረጥ፣ ወደዚህ አዙር» እያለ ያዛል። ያንን ድምፁን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ውሃው ማሳውን ሲያጋምስ እጁን አነሳ። ዝጉት አለ።

«አባ፣ ገና ግማሹ ነው» አልኩት። «ትንሽ ይጠጣ እንጂ።»

«በቃኝ። ተራዬ ደርሶኛል። ከታች የሚጠብቅ ሰው አለ። ዝጊው ልጄ።»

ስለ ውሃው ብቻ ይሆናል የተናገረው። እኔ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። መዝጋት አልፈለግሁም። ማሳው እድሜ ልኩን ሲጠጣ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። የአጎቴ ልጅ አካፋውን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ አባቴ ከለከለውና ለእኔ ሰጠኝ። አፈር ዛቅሁ። ደጋግሜ ዛቅሁ። ውሃው ከማሳችን ፊቱን መልሶ ወደ ታች ወረደ፤ ከዚያ በታች ያሉ ሰዎች ሲጠራሩ ተሰማ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ። ወደ ባጃጁ ስንመልሰው ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ገና ሳንነሳ እንቅልፍ ወሰደው። ነርሷ እግሩን ልታጥብለት የውሃ ኮዳዋን ከፈተች። ተይው አልኳት፣ እንዳይነቃ።