ከባሏ ጋር የተሰረዘችው የይጁቤ ሴት

ይህ የሆነው አምና ሰኔ ላይ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ብዙው ሰው ረስቶታል። እኔ አልረሳሁትም። በዚያ ቀን አንዲት የማላውቃት ሴት የጠየቀችው ጥያቄ፣ እኔ ለዓመታት ልጠይቀው ፈልጌ አፌ ላይ የቀረ ነበር።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የገበሬ ማኅበራትን አባላት በኮምፒዩተር በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት። ፕሮግራመር ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፕሮግራመር መሆኔ ሰውን ያስገርማል። መገረማቸውን ለምጄዋለሁ፤ ጡረታዬም ሩቅ አይደለም።

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ስንሻው ይባላል። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሹመቱ ሲመጣ ግን ለእሱ ተሰጠ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ “እርስዎ” እለዋለሁ። አክብሬው አይደለም። ሰውን ከሩቅ ለመያዝ ይጠቅማል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የአባላቱ ፕሮግራም ሲሠራ፣ ሚስቶችም ራሳቸውን ችለው አባል ሆነው ይመዝገቡ ብዬ ነበር። ስንሻው ደግሞ ሚስት በባሏ ሥር ትግባ፣ ሥራው ይቀላል አለ። እኔ አልቀበልም ስል በስብሰባው መሐል፣ “እትዬ፣ እርስዎ ባልዎን ፈተው ስለሚኖሩ ሴት ሁሉ ብቻዋን የምትቆም ይመስልዎታል” አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሳቁትን እስከ ዛሬ በየስማቸው አውቃቸዋለሁ።

ወደ ሰኔው ልመለስ። ከይጁቤ አንዲት ሴት መጣች፤ የውብዳር ትባላለች። የፕላስቲክ ጫማዋን ጭቃ በሩ ላይ አራግፋ ገባችና፣ “ኮምፒዩተሩን የሚያዘው ማን ነው?” አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ።

“ማዳበሪያ ልወስድ ብሄድ የለሽም አሉኝ” አለችኝ። “እፊታቸው ቆሜ የለሽም አሉኝ፣ እትዬ።”

ባሏ በዐቢይ ጾም ነበር ያረፈው። በዚያው ሰሞን የሞቱ አባላት ይነገሩና ከመዝገቡ ይውጡ የሚል መመሪያ ወረደ። እሷም ዐርባውን እንዳወጣች ሄዳ ተናገረች። ጎረቤቷም ባሏ ሞቶባታል፤ ግን ዝም አለች።

“እሷ በሞተ ሰው ስም ማዳበሪያዋን በአህያ አስጭና ገባች” አለችኝ። “እኔን ‘እውነት መናገር ጠቀመሽ?’ እያለች ትስቅብኛለች። መሬቱ ታርሶ ለስልሷል። የስንዴው መዝሪያ ካለፈኝ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?”

በስሟ ፈለግኳት፤ የለችም። በአባቷ ስም ፈለግኳት፤ የለችም። ልጆቿም የሉም። ይጁቤ ላለው መዝጋቢ ደወልኩለት። “በማርያም፣ እኔ የሰረዝኩት ሟቹን ብቻ ነው!” ብሎ ማለ። አመንኩት። የዳታቤዙን ሠንጠረዦች አየሁ፤ እነሱም ደህና ናቸው። ያን ጊዜ ማፒንጉን ጠረጠርኩ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። በፕሮግራሙ ውስጥ አባል አንድ ክላስ፣ ማለትም ራሱን የቻለ የመረጃ ዓይነት ነው፤ ሚስት ሌላ ክላስ፣ ማሳም ሌላ። ማፒንግ የሚባለው ክላሱ ዳታቤዙ ላይ ከየትኛው ሠንጠረዥ ጋር እንደሚገናኝ፣ ክላሶቹም እርስ በርስ በምን እንደሚተሳሰሩ የሚወስነው ክፍል ነው። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው አይታየውም። ፕሮግራሙን ራሱን ጠይቆ፣ እያንዳንዱ ክላስ እንዴት እንደታሰረ ማስዘርዘር ያስፈልጋል።

አስዘረዘርኩት። አባል ከሠንጠረዡ ጋር በትክክል ተገናኝቷል። ዝቅ ስል ሚስት ከአባል ጋር የታሰረችበት መስመር ላይ ደረስኩ። አባሉ ሲሰረዝ አብራ ትሰረዝ ይላል። ልጆቹም እንደዚያው። እንዲህ ያለው ትእዛዝ የሚሰጠው ያለ ባለቤቱ ትርጉም ለሌለው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ለአባሉ ስልክ ቁጥር። ይህን ክፍል የጻፈው ስንሻው ግን ለሚስት ሰጥቶታል። ከዚያ በፊት ሟች የመሰረዝ ልማድ ስላልነበረ ማንም አላወቀም።

በመሞከሪያው ቅጂ ላይ የሌሉ ባልና ሚስት ፈጥሬ ባልየውን ሰረዝኩት። ሚስቲቱም አብራ ጠፋች። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የውብዳር ነጠላዋን አጣፍታ እፊቴ ተቀምጣለች፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ስንሻውን አስጠራሁት። ሞኝ አይደለም፤ መስመሩን ገና እንዳየው ገባው። ጆሮው ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ትንሽ ነገር ናት። ከመጠባበቂያው ቅጂ እንመልሳታለን” አለና ሊሄድ ዞረ።

“ስንሻው” አልኩት፤ “አንተ” ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። “ለምን እንደጠፋች አንተ ንገራት።”

ያን ጊዜ በስብሰባው ከሳቁት አብዛኞቹ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ።

“እህቴ፣ የሲስተም ችግር ነው” አላት።

“ሲስተም ማን ነው?”

“ፕሮግራሙ ነው። ባልሽ ሲሰረዝ፣ አንቺ በእሱ ሥር ስለነበርሽ፣ አብሮ…”

“አብሮ ምን አደረገኝ?”

“አብሮ ሰረዘሽ።”

“ምነው ጌታዬ? እሱ ሞተ እንጂ እኔ መች ሞትኩ! የቀበርኩትስ እኔ አይደለሁም?” ጥቂት አሰበችና፣ “እኔ ሞቼ ቢሆን እሱን ይሰርዘው ነበር?” አለችው።

ስንሻው ስክሪኑን አየ። ወለሉን አየ።

“አይሰርዘውም” አለ።

ማንም አልሳቀም።

ቀኑ ሳይመሽ እሷንም ልጆቿንም ከመጠባበቂያው ቅጂ መለስናቸው። ያን መስመር አወጣሁት። ሚስት ራሷን የቻለች አባል የምትሆንበትን ማፒንግም አዘጋጀሁ፤ ስንሻው ያለ ክርክር አጸደቀው። በደምበጫና በደብረ ወርቅም እንደ እሷ የጠፉ ሴቶች ነበሩ፤ እነሱንም መለስን።

የውብዳር ስትነሣ፣ “አሁን ስሜ ከማን ሥር ነው?” አለችኝ።

“ከማንም ሥር አይደለም።”

“እሺ” አለች። “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ሚኒባሷን ለመያዝ ወጣች። ማዳበሪያዋን በማግስቱ እንደወሰደች መዝጋቢው ደውሎ ነገረኝ።

ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት “ክፍሉ ችግሩን ፈትቷል” ይላል። ስሜ የለበትም። እኔም አልጠበቅኩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስንሻው ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። “እትዬ፣ ያን ጊዜ በስብሰባው ላይ…” ብሎ ጀመረ። “ሥራዎ ይጠብቅዎታል” አልኩት። ሄደ። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። በሰው ፊት ለተሳቀብኝ ሳቅ፣ ማንም በማይሰማበት ጥግ የሚንሾካሾክ ይቅርታ አልፈልግም።

ዘንድሮም ሰኔ ሲገባ፣ ማዳበሪያው መታደል ሳይጀምር፣ ማፒንጉን ከፍቼ አስዘረዘርኩት። ሚስት የሚለው ላይ ስደርስ ቆም ብዬ አየሁት። ማንም አልነካውም። ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።